መድኃኒት አይደለም፣ የእህቴ ነው

ቀራንዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ ሸዋረጋ፣ ጅቡቲ

እንዴት ነዎት እትዬ፣ ያ ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል፣ መድኃኔዓለም ባሉበት ይጠብቅዎት። ይሄን የምታስጽፈኝ እማዬ ናት፣ እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣለች እኔ መሬት ላይ ነኝ። እንዲህ በይ ትላለች፦

«ሸዋዬ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። ስኳሩም አርፎ ተቀምጧል። ጉልበቴን ግን ታውቂዋለሽ፣ ያቺ ሮዟ ኪኒን ባትኖር ጉሊት አልወጣም ነበር። አልቃብኛለች። ለጎረቤቴ ለሃፊዛም ወገቧን ሲይዛት ሁለት ፍሬ ሰጥቻት በማግስቱ ተነስታ ልብስ አጠበች፣ ስምሽን እየጠራች መረቀችሽ። ሾፌሩ ረሻድ ሲመለስ አትርሺኝ። ሽንኩርት ተወዷል። እህትሽ ኮከብ።»

አበቃ አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው እትዬ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ነው የምጽፈው። ዓይኗ ደክሟል ፊደል አይታያትም፣ ምን ትሞነጫጭሪያለሽ ስትለኝ ሰላምታ ነው አልኳት። በስልክ እንዳልነግርዎት ቤታችን አንድ ክፍል ናት፣ ደግሞ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ነው የምታወራው ግቢው ሁሉ ይሰማል።

እማዬ ደህና አይደለችም። እግሯ ያብጣል፣ ማታ ጫማዋን ሳወልቅላት በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እንዳለ ይቀራል፣ እንደ ሊጥ። ጠዋት ደግሞ ፊቷ ይነፋል። ሽንቷ አረፋ አለው፣ ፖፖውን ልደፋ ስል የሳሙና ውሃ መስሎኝ ማን ነው እዚህ ልብስ ያጠበ ብዬ ተቆጣሁ፣ ከዛ ገባኝ። በግድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር ትሕትና የምትባል ነርስ አለች፣ ግፊቷን ለካችና ማሽኑን አየችው፣ እንደገና ለካች፣ ከዛ ሌላ ማሽን አመጣች። 190 በ110 ነው። ሐኪሙ ኩላሊቷን እንየው አለ። ኩላሊት ሲል ጆሮዬ ጮኸ።

እርሶ እዚህ ስለሌሉ አያዩም እንጂ እትዬ፣ አስኮ ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ ፌርማታው ላይ መኪና ቆሞ ነው፣ የሰው ፎቶ ለጥፈው በማይክ «ሁለቱም ኩላሊቷ ሥራ ያቆመ እህታችን፣ ለእጥበት ለእጥበት» እያሉ ይለምናሉ። ድሮ አልፌ ነበር የምሄደው። በቀደም ታክሲ ወረፋ ላይ ቀና ብዬ ፎቶውን ሳይ እማዬ ናት። ሌላ ሴትዮ ናት እኮ፣ ግን እማዬን ሆነችብኝ፣ ወረፋዬን ጥዬ በእግሬ ሄድኩ። ፋብሪካ ገብቼ ጫማ ላይ ማስቲሽ ስቀባ አለቃዬ ምነው ዛሬ ሶሉን አጣመምሽው አለኝ።

የደም ውጤቱ ገና ነው። ሌላም አንድ ነገር ነበረ ግን ይቅር።

ልጅዎት ማራኪ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017

ለልጄ ለማራኪ ይገዙ

ከባሕሩ ዳር ሆኜ ሰላም ብያችኋለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ጤነኛ ነኝ፣ ሥራዬም እንደ ድሮው ነው። የጻፍሽው በረሻድ እጅ ደርሶኛል። ጋላፊ ኬላ ላይ ስድስት ቀን ተሳቢውን አቁመውበት ነው የዘገየው።

ልጄ፣ ወረቀት ገልብጦ መጻፍ ጥሩ ጠባይ አይደለም፣ ሆኖም ለእናትሽ ብለሽ ነውና ምሬሻለሁ። አትሸበሪ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። መጥረጊያ ብይዝም ጆሮዬ አይጠርግም፣ ሙሴ ለሰው ሲያስረዱ እሰማለሁ። ሙሴ የምለው ባለ ፋርማሲውን ነው። የእግር እብጠት የሚመጣው ከመቆምና ከመቀመጥ ነው። ኮከብ ሃያ ዓመት ጉሊት ላይ ተጣጥፋ ተቀምጣ ባታብጥ ነበር የሚገርመኝ። ይኸው አራት ሳጥን ልኬያለሁ። እስከ ዛሬ አንድ አንድ ነበር የምትወስደው፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ታድርግ። ከምግብ በኋላ ይሁን።

ሐኪም ቤት መመላለስ ለታመመ ሰው ሌላ በሽታ ነው። ደም በቀዱ ቁጥር ሰው ይደክማል። ግፊቱ ከጭንቀት ነውና አታስጨንቂያት፣ አንቺም ዕድሜሽ ለማሰብ አልደረሰም።

ለኮከብ እንዲህ ብለሽ አንብቢላት፦ ኮከቤ፣ የእናታችንን ጉልበት ነው የወረስሽው፣ እሷ ያጣችውን መድኃኒት አንቺ አግኝተሻል፣ እኔ እያለሁ አትንገላቺም።

የመድኃኔዓለም ጥላ አይለያችሁ።

አክስትሽ ሸዋረጋ


ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

ለአክስቴ ለእትዬ ሸዋረጋ

ሰላም ለእርሶ ይሁን፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ረሻድ ዕቃውን አድርሷል እግዜር ይስጥልን። እማዬ ሳጥኖቹን እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የተኛችው።

ውጤቱ መጣ። ክሬቲኒን የሚባል ነገር አለ ደም ውስጥ፣ ከአንድ ትንሽ አለፍ ካለ ጥሩ አይደለም አሉ፣ የእማዬ 2.1 ነው። ሁለት ነጥብ አንድ ትንሽ ቁጥር አይደለች፣ እኔ እሰይ ብዬ ነበር፣ ሲስተር ትሕትና ፊቷን አጠቆረችው። ሽንቷ ላይ ደግሞ ሁለት መደመር ተጽፏል። መደመር ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ አልኳት፣ ሽንት ላይ አይደለም አለችኝ።

ከዛ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። «ወይዘሮ ኮከብ ኢንሱሊን አጥተው እንዳይመስልዎት፣ አለዎት» አለቻት። «ችግሩ ሰውነትዎ አልታዘዘውም ብሏል። ኢንሱሊኑ ስኳሩን አስገቡት እያለ በር ያንኳኳል፣ ሰውነት አይከፍትም። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል።»

እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ «እንደዚች ልጅ ነዋ! ማራኪ ማራኪ ብዬ ጉሮሮዬ ሲደርቅ አቤት የማትለኝ!» ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ «የኔም ቤት እንዲህ ያለ እምቢተኛ ሦስት አለ» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። ኩላሊት ወንፊት ነው አለች፣ ስኳሩ በአንድ በኩል ግፊቱ በሌላ በኩል ወንፊቱን ይቀዱታል፣ አረፋው፣ ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን እየፈሰሰ ነው። የግፊቱን መድኃኒት ጨመሩላት፣ ጨው ቀንሺ አሏት። ጨው ስቀንስባት በወረቀት ጠቅልላ ጡቷ ስር ይዛ ስትጨምር ያዝኳት።

ግፊቱ ግን አልወርድ አለ እትዬ። መድኃኒት ጨምረውም 180 ነው። ሐኪሙ ራሱ ግራ ገባው፣ ካርዷን ያገላብጣል። ሲስተር ትሕትና አንዳንድ ኪኒን ኩላሊት ይጎዳል አለች፣ የትኛው እንደሆነ እንጃ።

እና እትዬ አንድ ልለምንዎት። ኪኒኑን ለጊዜው ባይልኩ። ብዙ ስላለን ነው። በሱ ፋንታ እዛ ርካሽ ከሆነ የግፊት መለኪያ ማሽን ቢገዙልን፣ በየቀኑ እኔው እለካታለሁ። ለሌላ አይደለም። ብዙ ስላለን ነው።

ይቅርታ ጽሑፌ ተንጋደደ፣ ታክሲ ውስጥ ነው የጨረስኩት።

ማራኪ


ጅቡቲ፣ ጥር 6 ቀን 2017

ለማራኪ

ሰላም ነሽ? የልደት በዓል በሰላም አልፎ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን።

ብዙ አለን አልሽኝ። ባለፈው እሑድ ግን ኮከብ ደውላ አልቅሳብኛለች። ኪኒኑ ከሙዳዩ ጠፍቷል፣ ሁለት ሳጥን የት እንደገባ አላውቅም፣ ጉልበቴ አላስነሳኝ ብሎ ጉሊት ከወጣሁ ሳምንቴ ነው አለችኝ። ያንቺ ብዙ የት ገባ? ልጄ፣ የውጭ መድኃኒት መርካቶ ላይ ምን ያህል እንደሚያወጣ እኔ አላውቅም ብለሽ ነው? ሸጠሽው ከሆነ ንገሪኝ። ችግር ይዞሽ ከሆነ አክስት ለምን ተፈጠረ? የእናትሽን ጉልበት ከምትሸጪ እኔን ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር።

ያሳደግሁሽ እኔ ባልሆንም ስትወለጂ እትብትሽ ሲቆረጥ የያዝኩሽ እኔ ነኝ። አባትሽ ይገዙ ነፍሱን ይማረውና የሰው ዕቃ ነክቶ አያውቅም።

አምስት ሳጥን ልኬያለሁ። ረሻድን በኮከብ እጅ እንጂ በማራኪ እጅ እንዳትሰጥ ብዬ አስምዬዋለሁ። ማሽኑን ወደፊት እናያለን።

ሸዋረጋ


ቀራንዮ፣ ጥር 27 ቀን 2017

እትዬ

ሰላምታውን አልረሳሁም፣ ግን ሰላምታ ልጽፍ ስል እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው፣ ይሄ ሁለተኛው ወረቀት ነው፣ በቀጥታ ልናገር አለበለዚያ ደግሞ ይጠፋብኛል።

አልሸጥኩም። ሁለቱም ሳጥን አስኮ ሥራ ቦታዬ ከማስቲሽ ቆርቆሮው ኋላ ነው ያለው፣ አንድ ፍሬ አልጎደለም፣ ረሻድ መጥቶ ይቁጠረው። ከእማዬ ደበቅሁት። አዎ እኔ ነኝ የደበቅሁት።

ያኔ ይቅር ያልኩዎት ነገር ይሄ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ጠይቋት ነበር። «እኛ ከምንሰጥሽ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የሕመም ማስታገሻ?» አላት። «ኧረ ምንም!» አለች። ወደኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ። እማዬ በጠረጴዛው ስር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፣ ቆዳዬ እስኪላጥ። «አዎ ምንም የለም» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት በዚህ አፌ። ስንወጣ ለምን ዋሸሽ ብላት ተቆጣችኝ፦ «ምን ዋሸሁ? እሱ የጠየቀኝ መድኃኒት ነው። ያ መድኃኒት አይደለም፣ የእህቴ ነው። የሸዋዬን እጅ ለማንም ሐኪም አላሳይም።»

ስለዚህ ሐኪሙ ሳያውቅ የግፊቱን መድኃኒት እየጨመረ ነበር፣ ከታች ደግሞ ኪኒኑ ግፊቱን ወደ ላይ ይገፋል። ግፊቱ አልወርድ ሲል እኔ ሌሊት አልተኛሁም፣ ጠዋት ከሳጥኑ አንዱን የኪኒን ማሸጊያ በጡት መያዣዬ ይዤ ለሲስተር ትሕትና አሳየኋት። ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ነው አለች። «በወር ስንቴ ነው የምትወስደው?» አለችኝ። በየቀኑ አልኳት። «ከመቼ ጀምሮ?» ሦስት ዓመት አልኳት፣ አሁን ደግሞ በቀን ሁለት። ቆማ ነበር ተቀመጠች። «ማራኪ፣ ስኳርና ግፊት ለተቀደደው ወንፊት ይሄ ምላጭ ነው» አለችኝ። ጤነኛ ሰው ለሁለት ቀን ቢወስደው ያልፋል፣ ለእማዬ አይሆንም። ለጉልበቷ ሌላ የማይጎዳ አለ፣ እንሰጣታለን አለች። ካልቆመ ግን ወደዛ ወደ እጥበቱ መንገድ ነው አለች። ፌርማታው ላይ ያለችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ።

እርሶን እንዴት ብዬ ልጽፍልዎት? ሦስት ዓመት ቆመው ወለል እየወለወሉ ከሚያገኙት ገዝተው የላኩትን እንዴት ብዬ? ብዙ ስላለን ነው አልኩ። ሌላ ቃል አጣሁ። ሌባ መባል ይሻላል ብዬ ዝም ልል ነበር፣ ግን አምስት ሳጥን መጣ።

ለእማዬ ነገርኳት። በጥፊ አለችኝ። አሁን አታናግረኝም፣ ኪኒኑን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትውለው የምታድረው። ሃፊዛ ብትለምናት፣ ሲስተር ትሕትና ቤት ድረስ ብትመጣ እንቢ። እንዲህ ነው ያለችው፦ «የላከችው ሸዋዬ ናት። ሸዋዬ በራሷ ቃል ተይው ካላለችኝ አልተውም።»

እትዬ እግርዎት ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎት፣ ተይው ይበሏት። ሁለት ቃል ነው። ቢፈልጉ እኔን ይስደቡኝና ከታች ተይው ብለው ይጻፉ።

ማራኪ


ቀራንዮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017

እትዬ ሸዋረጋ እንዴት ነዎት፣ ረሻድ ሁለቴ ተመላለሰ ደብዳቤ የለም። ሰጠኋት፣ ተቀበለችኝ፣ አንብባ አጠፈችውና መልስ የለኝም አለች ነው የሚለው። ተቀይመውኝ ነው? ይቀየሙኝ። እማዬ ዛሬ ጠዋት ዓይኗ እስኪጠፋ ፊቷ አብጦ ነው የተነሳችው። አሁንም ትወስዳለች። ሁለት ቃል ነው የጠየቅሁዎት።


ጅቡቲ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017

ለልጄ ለማራኪ፣ ለእህቴ ለኮከብ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ማራኪ፣ መጀመሪያ ሌባ ስላልኩሽ ይቅር በይኝ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲለምን ቶሎ እሺ ይባላል፣ አታስጠብቂኝ።

ደብዳቤሽን ይዤ ሙሴ ዘንድ ገባሁ። ይሄ ሁሉ ሐሰት ነው እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት። መነጽራቸውን አድርገው አዳመጡኝና «ሸዋረጋ፣ ይሄን ሁሉ የምትገዢው ስኳርና ግፊት ላለባት ሴት ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። አልጠየቁኝም አልኩ። ከዛ እግሬን አዩት። «አንቺስ ትወስጃለሽ?» አሉኝ። «ኧረ እኔ ምንም!» አልኩ።

እንደ ኮከብ አልኩ። አንድ ማሕፀን ነው ያወጣን።

ልጄ፣ እኔ ሰባት ዓመት ነው የምወስደው። ጠዋት አንድ፣ ወለሉን ስጨርስ አንድ። ይሄ ሴራሚክ አጥንት ይበላል። ጫማዬ ካልገባኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ በነጠላ ጫማ ነው የምሠራው፣ ለማንም አልተናገርኩም። የሚልክ ሰው አይታመምም ብዬ። ቤቴ ሄጄ አሥር ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ፣ ከዛ ተመልሼ ለሙሴ እውነቱን ነገርኳቸው። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዘውልኛል። እፈራለሁ።

ረሻድ የግፊት ማሽኑን ይዞ ይመጣል። ሙሴ በግዢው ዋጋ ነው የሰጡኝ። ከሱ ጋር አንድ ባዶ ሳጥን አለ። የኔ ነው፣ ከራስጌዬ የነበረው። ውስጡን በገዛ እጄ ባሕሩ ዳር ሄጄ ደፍቼዋለሁ። ኮከቤ ዓይንሽ ባያይ በእጅሽ ዳብሺው፣ ባዶ ነው።

ኮከቤ፣ ተይው። እኔ ሸዋረጋ ነኝ የምልሽ፣ ተይው። እኔም ትቼዋለሁ።

ማራኪ፣ አንቺ ሐኪም ቤት ለምደሻልና፣ ሲገቡ ምን ይጠይቃሉ? እኔ ስደነግጥ እዋሻለሁ።

ሸዋረጋ


ቀራንዮ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017

ለምወድዎት ለእትዬ ሸዋዬ

ሰላምዎት ይብዛ፣ ይቅርታውማ ገና ሳላነበው እሺ ብያለሁ።

ረሻድ ማሽኑን ሲያወርድ «የናንተ ፖስታ ቤት ሆኜ ቀረሁ፣ ቴምብር ክፈሉኝ» እያለ ነበር፣ እማዬን ሲያያት ቀልዱን ተወ። ደብዳቤውን ሦስቴ አስነበበችኝ። እርሶም እንደሚወስዱ የተጻፈው ጋ ስደርስ «እዚህ ጋ ድገሚው» አለችኝ። ሳጥኑን ዳበሰችው፣ ጣቷን አስገብታ ማዕዘኑን ሁሉ ፈተሸች። ከዛ የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችና ኪኒኖቹን እጄ ላይ ቆጥራ አስቀመጠች፣ አሥራ አራት። «እሷስ እግሯን ማን ያይላታል?» አለች።

ካቆመች ዘጠኝ ቀኗ ነው። 2.1 የነበረው ክሬቲኒን ትናንት ሲለካ 1.8 ሆኗል፣ ግፊቷ ጠዋት እኔው ለካኋት 152 በ90። እልል ልል ነበር፣ ሲስተር ትሕትና ግን የተጎዳው ሁሉ አይመለስም፣ የቀረውን ነው የምንጠብቀው አለች። በሦስት ወር ተመለሱ አለች። ስለዚህ ደስ ብሎኛል ግን አልተኛሁም፣ ሌሊት ተነስቼ እግሯን እጫናለሁ። ጉልበቷ ያማታል፣ ሌላ ተሰጥቷታል፣ እንደዛኛው አያስነሳም ብላ ትነጫነጫለች፣ በሙቅ ውሃ ጨርቅ እይዝላታለሁ።

ሐኪሙ የሚጠይቅዎት እንዲህ ነው እትዬ። የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ ይልዎታል። ያኔ ሙሴ የሰጡዎትን፣ ሰው የሰጠዎትን፣ ቅጠልም ቢሆን፣ ሰባት ዓመት የሚለውንም ይንገሩት። ሽንትዎትንም ይስጡ፣ አይፈሩ፣ አያምም። ክሬቲኒን ስንት አለ ብለው ይጠይቁና ቁጥሩን ይጻፉልኝ። ቁጥሩን ብቻ። አሁን ማንበብ ችያለሁ።

እማዬ ደግሞ ልናገር አለች፣ እንዲህ በይ ትላለች፦

«ሸዋዬ፣ ደህና አይደለሁም። አንቺስ?»

አበቃ አለችኝ። ወረቀቱን አልገለበጥኩትም።

ማራኪ